ጃኩዚ በጋዝ ይሙቅ ወይስ በመብራት? ወጪውን ራሳችሁ የምታሰሉበት መንገድ

ከአዳማ ሶደሬ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ውሃውን የሚያሞቀው ምድር ነው። ጋዝ አይገዛም፣ ቆጣሪም አይቆጥርም። ግቢያችሁ ውስጥ ጃኩዚ ስታስቀምጡ ግን እያንዳንዷ ዲግሪ ዋጋ አላት።

እህቴ አዳማ ውስጥ ትንሽ ፔንሲዮን አላት። ጓሮዋ ላይ ክብ ጃኩዚ ካስቀመጠች በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «በጋዝ ላሙቀው ወይስ በመብራት?» የሚል ነበር። የጠየቀችው ሰው ሁሉ ወዲያው መለሰላት። አንዱ ጋዝ ይሻላል አለ፣ ሌላው መብራት ርካሽ ነው አለ። ቁጥር ይዞ የመጣ ግን አልነበረም። ስለዚህ ቁጭ ብለን አብረን አሰላን። ሜትር፣ ቴርሞሜትር፣ ሚዛንና የስልክ ካልኩሌተር ካላችሁ እናንተም ትችላላችሁ።

1. ውሃው ስንት ሊትር ነው?

ገንዳውን ስትገዙ የተነገራችሁ ሊትር እስከ አፉ ሲሞላ የሚይዘው ሊሆን ይችላል። እናንተ የምታሞቁት ግን ውሃው እስከሚደርስበት ድረስ ያለውን ነው። ስለዚህ ራሳችሁ ለኩ። ገንዳው አራት ማዕዘን ከሆነ ርዝመቱን በወርዱ፣ ከዚያ በውሃው ጥልቀት አባዙ። ክብ ከሆነ ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለውን በራሱ አባዙት፣ ቀጥሎ በ3.14፣ ከዚያ በጥልቀቱ። ሁሉም በሜትር ይሁን። ውጤቱን በ1,000 ስታባዙት ሊትር ይሆናል።

የእህቴ ገንዳ ከዳር እስከ ዳር 1.6 ሜትር ነው፣ የውሃው ጥልቀት 60 ሴንቲ ሜትር። 0.8 በ0.8፣ በ3.14፣ በ0.6 ሲባዛ 1.2 ይመጣል። 1,200 ሊትር ማለት ነው።

2. ስንት ዲግሪ ታሞቃላችሁ?

ገንዳው እንደሞላ ቴርሞሜትሩን ነክራችሁ አንብቡ። 22 ዲግሪ ነው እንበል። ለመዝናናት 38 በቂ ነው። ከ40 በላይ አታሙቁ፤ ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከመግባታቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። ከ22 እስከ 38 ልዩነቱ 16 ዲግሪ ነው።

አሁን ሊትሩን በዲግሪው ልዩነት አባዙና ለ860 አካፍሉ። የሚወጣው ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ቆጣሪያችሁ የሚቆጥረው እሱን ነው። 1,200 በ16 ሲባዛ 19,200፣ ለ860 ሲካፈል ደግሞ 22.3 ይሆናል። ይህ ቁጥር ለጋዝም ለመብራትም አንድ ነው። ውሃው የሚፈልገው ሙቀት ከየትም ቢመጣ አይቀየርም።

3. የመብራቱ ዋጋ

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ውሃው ውስጥ ተነክሮ ስለሚሰራ የሚበላውን ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ለውሃው ይሰጣል። ስለዚህ 22.3 ኪሎዋት ሰዓት ካስፈለገ ቆጣሪውም 22.3 ይቆጥራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዋጋው ላይ ነው። የአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የተከፋፈለ ነው። ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። የንግድ ታሪፍ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ጃኩዚው ደግሞ የሚመጣው ከፍሪጁ፣ ከምጣዱና ከአምፖሉ ላይ ተደርቦ ነው። ስለዚህ የድሮ ሂሳባችሁን በድሮው ፍጆታ አካፍላችሁ የምታገኙት ዋጋ ያታልላችኋል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ጃኩዚው ከሰራበት ወር ሂሳብ ላይ ያልሰራበትን ወር ቀንሱ። ፍጆታውንም እንደዚሁ ቀንሱ። የብሩን ልዩነት ለኪሎዋት ሰዓቱ ልዩነት ስታካፍሉ ጃኩዚው በእርግጥ የሚያስከፍላችሁን ታገኛላችሁ። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁም የሞላችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ፤ ስሌቱ በሱ ይሰራል።

4. የጋዙ ዋጋ፦ ለ10 አካፍሉ

አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ፣ ፕሮፔንም ሆነ ቡቴን፣ ሲቃጠል ወደ 12.8 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ሁሉም ግን ውሃው ጋ አይደርስም። ከፊሉ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ጥሩ ማሞቂያ 80 በመቶውን ያህል ያተርፍላችኋል። 12.8 በ0.8 ሲባዛ 10 ገደማ ነው።

እህቴ ወረቀት ላይ ጽፋ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ይሄንን ነው፦ የአንድ ኪሎ ጋዝ ዋጋ ለ10 ሲካፈል ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ዋጋ ከበለጠ መብራት ይረክሳል። ካነሰ ጋዝ ይረክሳል።

ዋጋው ስለሚለዋወጥ ለማሳያ ብቻ ክብ ቁጥር ልያዝ። መብራቱ በኪሎዋት ሰዓት 6 ብር፣ ጋዙ በኪሎ 200 ብር ነው እንበል። 200 ለ10 ሲካፈል 20 ነው። 22.3ቱን በ6 ብታባዙ 134 ብር፣ በ20 ብታባዙ 446 ብር ይመጣል። ጋዙ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። የእናንተን ዋጋ አስገቡና እዩት። እኛ መብራቱን በአብዛኛው ከውሃ እናመነጫለን፣ ጋዙን ግን በዶላር ገዝተን ነው የምናስገባው። ስለዚህ በንጹህ ዋጋ መብራት ቢያሸንፍ አይግረማችሁ።

የጋዙን ኪሎ ስታሰሉ ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትዩ። ስትገዙ መዝኑት፣ ባዶ ሆነ ብላችሁ ስትመልሱትም መዝኑት። ብዙ ጋዝ በፍጥነት ሲሳብ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱም ይወርዳል። በቀዝቃዛ ሌሊት ነበልባሉ ሲደክም አለቀ ብላችሁ የምትመልሱት ሲሊንደር ውስጥ ጋዝ ሊቀር ይችላል። የከፈላችሁበት ጋዝ ነው። የሁለቱ ሚዛን ልዩነት ነው የተጠቀማችሁት። ማሞቂያችሁ 80 በመቶ መስጠቱንም በዚሁ ታረጋግጣላችሁ። ለአንድ ሙሌት ከ2.2 ኪሎ ብዙ የበለጠ ከበላ ነበልባሉን ንፋስ እያንገላታው ነው ወይም ማሞቂያው ጽዳት ይፈልጋል።

5. ሰዓቱንም አስሉ

ዋጋ ብቻውን አይወስንም። 3 ኪሎዋት ማሞቂያ 22.3ቱን ለመስጠት 7 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል። ያውም መስመሩ ሙሉ 220 ቮልት ከሰጠ ነው። ወደ 190 ከወረደ ማሞቂያው የሚሰጠው 2.2 ኪሎዋት ገደማ ብቻ ነው፣ ሰዓቱም ወደ 10 ይረዝማል። 6 ኪሎዋት ቢገዛስ? ጊዜው በግማሽ ያጥራል። ግን 27 አምፔር ይስባል። ይህንን ተራ ሶኬት አይችለውም። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ገመድ ያስፈልገዋል። ሰው እርጥብ ሆኖ የሚገባበት ነገር ነው። ከመስመሩ 30 ሚሊ አምፔር መብራት ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር ሳይገጠም ማንንም አታስገቡ።

24 ኪሎዋት ጋዝ የሚያቃጥል ማሞቂያ በበኩሉ፣ 80 በመቶው ውሃው ጋ ሲደርስ፣ ያንኑ ውሃ በአንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ያደርሰዋል። እንግዳ ሳይታሰብ ለሚመጣበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«መብራት ሲሄድ ጋዝ ያድነኛል» የሚሉ ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ውሃውን በጋዝ ማሞቂያው ውስጥ የሚያዞረው ፓምፕ የሚሰራው በመብራት ነው። መብራት ከሄደ ፓምፑ ይቆማል፣ ማሞቂያውም አብሮ ይቆማል። ልዩነቱ ትንሽ ጄኔሬተር ፓምፑን ማስነሳት መቻሏ ነው፤ 6 ኪሎዋት ማሞቂያ ግን አትችልም።

ጋዝ ከመረጣችሁ ማሞቂያውና ሲሊንደሩ ደጅ ይሁኑ፣ አየር በሚያልፍበት ቦታ። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወደ ጉድጓድና ዝቅ ወዳለ ቦታ ወርዶ ይተኛል። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። አረፋው ከተነፋ ጋዙን ዝጉት።

6. ሌሊቱ ስንት ይወስዳል?

እስካሁን ያሰላነው የማሞቂያውን ነው። ከዚያ ቀጥሎ ገንዳው የሚያጣው አለ፤ በእኛ ከተማ ሂሳቡን የሚያከብደው እሱ ነው። አዳማ 1 እና አዳማ 2 የሚባሉት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ 51 እና 153 ሜጋዋት፣ እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ያንን ተርባይን የሚያሽከረክረው ንፋስ በእናንተም ጓሮ ያልፋል። ከጥቅምት በኋላ አየሩ ደረቅ ነው፣ ንፋሱም ይበረታል። ውሃው ከላይ ከላይ ይተናል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በዚያ ሙቀት 36 ሊትር ውሃ ከ22 ወደ 38 ዲግሪ ማድረስ ይቻል ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ለኩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ውሃውን 38 ላይ አድርጋችሁ ማሞቂያውን አጥፉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን አንብቡ። አንድ ሌሊት ተከድኖ፣ አንድ ሌሊት ሳይከደን። ሳይከደን 10 ዲግሪ ቢወርድ 1,200 በ10፣ ለ860፦ 14 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ተከድኖ 4 ዲግሪ ቢወርድ 5.6 ብቻ ነው። ወፍራም የፎም ክዳን ካላገኛችሁ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ፕላስቲክ ሸራ እንኳ ትነቱን ይይዛል። ንፋሱ በሚመጣበት በኩል የቆርቆሮ ወይም የቀርከሃ አጥር አቁሙ። አጥሩ የጋዙንም ነበልባል ይከላከላል። ክዳን ሳትገዙ በጋዝና በመብራት መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ጸሐይዋንም ተጠቀሙባት። ጣሪያ ላይ ያለ ጥቁር ሮቶ ቀኑን ሙሉ ጸሐይ ሞቆ ውሃውን ከ22 ይልቅ በ28 ዲግሪ ቢያወርድላችሁ 8.4 ኪሎዋት ሰዓት ተረፈ።

7. አሁን ወስኑ

ጥያቄው እንግዳ መቼ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ ወይ የሚል ነው። ቅዳሜ ብቻ የምትጠቀሙበት ከሆነ ታይመር ግጠሙና ማሞቂያው ቅዳሜ ጠዋት ይነሳ። በማሳያው ዋጋ 134 ብር ነው። «ምናልባት ሰው ይመጣል» ብላችሁ ሳምንቱን ሙሉ ካሞቃችሁት ግን ሌላ ነው። ተከድኖም ቢሆን በ24 ሰዓት 7 ዲግሪ ቢያጣ በቀን 9.8፣ በሳምንት 68 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 410 ብር ገደማ ነው። ይህ ውሃውን አንድ ጊዜ በጋዝ ከቀዝቃዛ ለማሞቅ ከሚወጣው 446 ብር ጋር ተቀራረበ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሳይታሰብ ለሚመጣ እንግዳ ጋዝ የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው።

በየቀኑ ሰው ለሚገባበት ገንዳ ስሌቱ ወደ መብራት ያደላል። በየቀኑ የጠፋውን ብቻ መተካት ስለሆነ 3 ኪሎዋቱም ይበቃል።

እህቴ 3 ኪሎዋት ማሞቂያ ከታይመር ጋር ገጠመች። ጃኩዚ የሚፈልግ እንግዳ ክፍል ሲይዝ በስልክ የሚመጣበትን ሰዓት ትጠይቀዋለች። ማታ 1 ሰዓት እገባለሁ ካላት ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ታበራለች፣ ክዳኑን የምታነሳው ግን እንግዳው ፎጣውን ይዞ ሲወጣ ብቻ ነው።