ፋይበር ቦዲ ማሳ አይሰጥም

ጎንደር ውስጥ በቮልስ ሻንሲ ላይ የድሮ የፋይበር ቦዲ ኪት (ተገጣጣሚ ዕቃ) እየገጠማችሁ የፖርሽ 356 ቅጂ ለምትሠሩ፦ ቦዲውን በብሎን ከማሰራችሁ በፊት የማሳ ሽቦውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን ሽቦ፣ ዘርጉ። በኋላ እጅ የማይገባበት ቦታ ይበዛል።

የላሜራ ቦዲ ራሱ ማሳ ነው፤ ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ እያንዳንዱ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስና የነዳጅ ጌጅ የራሱ ማሳ ይፈልጋል። ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው ከደበዘዘ ወይም አብሮ ከበራ፣ አምፖሉን አትቀይሩ። ማሳ ያጣው ኤሌክትሪክ በሌላው አምፖል በኩል መመለሻ እየፈለገ ነው።

ከፊትም ከኋላም አንድ አንድ የማሳ ሽቦዎች መሰብሰቢያ ነሐስ አስቀምጡ። ከመብራቶቹ ወደዚያ 2.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር ካሬ)፣ ከዚያ ወደ ሻንሲው 6 ካሬ ሽቦ ይበቃል። የቤት ሽቦ ግን በፍጹም! ነጠላ ዘንግ ስለሆነ በኮብልስቶኑ ንዝረት ይሰበራል፤ ባለ ብዙ ክሩን የመኪና ሽቦ ግዙ። ሻንሲው ላይ የምታስሩበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ፍቁት፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ከላይ ግሪስ ቀቡት። ካልተቀባ የክረምቱ እርጥበት ያዝገዋል።

በመጨረሻ መብራቱን አብርታችሁ በመብራቱ ማሳና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል በቴስተር ለኩ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ አንዱ ማሰሪያ ላልቷል ወይም ቀለም አለበት።