የተሰቀለ ኤል ኢ ዲ ስክሪን ሲያስቸግር

ምልክት፦ ስክሪኑን በሰንሰለት ከሚያነሱት ሞተሮች የመሃሉ ያቃስታል፣ የዳርና ዳሩ ሰንሰለት ግን ላላ ብሏል።

አብዛኛው ሰው "ሞተሩ አርጅቷል" ይላል። መጀመሪያ ሂሳቡን እንየው። 6 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ስክሪን በ50 በ50 ሳንቲ ሜትር ፓነል ቢሠራ 96 ፓነል ይፈጃል። አንዱ 8 ኪሎ ከሆነ 768 ኪሎ ነው። ማንጠልጠያ ብረቱ፣ ትራሱ (ስክሪኑ የሚንጠለጠልበት ረጅም የብረት ተሸካሚ) እና ኬብሉ ሲጨመሩ 900 ገደማ ይገባል። ኬብሉን ሳይቆጥር የሚያልፍ ብዙ ነው፤ ጠቅልሎ የተሸከመው ግን አይረሳውም።

ይህን በሦስት ሞተር ስናነሳ "ለሦስት ሲካፈል 300 ነው፣ ባለ 500 ኪሎው ይበቃል" እንላለን። አይበቃም። ሦስት ቦታ በእኩል ርቀት በተያዘና ሸክሙ እኩል በተዘረጋበት ወጥ ትራስ ላይ፣ የመሃሉ ነጥብ 62.5 በመቶውን ይይዛል። ወደ 560 ኪሎ ማለት ነው። ዳር ያሉት እያንዳንዳቸው 170 ገደማ ብቻ ይደርሳቸዋል። የመሃሉ ትንሽ ቀድሞ ከወጣማ ድርሻው ከዚህም ይከፋል።

መፍትሄ፦ አውርዱት። የመሃሉን ባለ 1 ቶን አድርጉት። የጣሪያው መያዣ ያን ያህል መቻሉን የአዳራሹን መሐንዲስ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም እውነተኛውን ክብደት ንገሩት። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ሆንግ ኮንግ ኮሊሲየም ውስጥ፣ ኮንሰርት መሃል ስክሪን ተበጥሶ ዳንሰኞች ላይ ወደቀ። ሲጣራ የብረት ገመዱ በድካም መበጠሱ ታወቀ፤ ክብደቱም ተቀንሶ ተነግሮ ነበር። ሎድ ሴል (ሞተሩ ላይ ያረፈውን ክብደት የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ ደግሞ ግምት ቀርቶ ቁጥሩን ታያላችሁ።

ምልክት፦ ስሊንጉ (ሸክሙ የሚታሰርበት ማንጠልጠያ ገመድ) ወደ ጎን በጣም ተከፍቷል።

ጣሪያው ዝቅ ሲል የሚመጣ ጣጣ ነው። የስሊንጉ ሁለት እግሮች ከአግድም መስመር 60 ዲግሪ ላይ ከሆኑ እያንዳንዳቸው የሸክሙን 58 በመቶ ይይዛሉ። 30 ዲግሪ ላይ ሲደርሱ ግን እያንዳንዱ እግር ሙሉውን ክብደት ያህል ይወጠራል። ረዘም ያለ ስሊንግ ቀይሩ፤ ቦታ ከሌለ ስክሪኑን በአንድ ረድፍ አሳጥሩት። ደንበኛው ቢቆጣም ይቆጣ።

ምልክት፦ በፓነሎች መሃል ክፍተት ይታያል፣ የታችኛው ረድፍም አልቆለፍ ይላል።

የላይኛው ረድፍ አልተስተካከለም፣ ወይም ትራሱ ጎብጧል። በመዶሻ መምታት የለም። አውርዳችሁ የመጀመሪያውን ረድፍ በውሃ ልክ አስተካክሉ። የላይኛው ቁልፍ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ስለሚሸከም፣ አምራቹ ስንት ፓነል ወደ ታች እንደፈቀደ መመሪያውን እዩ።

ምልክት፦ ሜዳ ላይ የቆመው ስክሪን ይወዛወዛል።

ነፋስ ነው። ስክሪን ሸራ ነው ማለት ይቻላል። 24 ካሬ ሜትሩ ላይ በሰከንድ 15 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከ300 ኪሎ በላይ ይገፋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በእጅ ደግፎ መያዝ ሞኝነት ነው። የመሠረት ክብደቱን መሐንዲስ ያስላው፣ የነፋስ መለኪያ ከላይ ስቀሉ። ስንት ሲሆን እንደሚወርድ ከዝግጅቱ በፊት ተስማሙ። "አውርዱ" የሚለው ሰውም አንድ ይሁን፤ አዘጋጁ "ዘፈኑ ይለቅና" ቢለውም የማይሰማ ሰው ምረጡ።