የጅማ ልጆችን ስለ ሰብላቸው በክፍል ውስጥ እንዴት ማስተማር ይቻላል?

ጅማ ያደገ ልጅ ቡና ሲቆላና ሲወቀጥ እያየ ነው የሚያድገው። ቡናው ከአፈር እንዴት እንደሚወጣ ስጠይቅ ግን ክፍሉ ዝም ይላል። ስለዚህ ሁሌም የምጀምረው ከቡና ነው።

1. ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቡና ሲቀላ፣ ጓሮው ቡና ያለው ልጅ ወላጆቹን አስፈቅዶ አንድ እፍኝ እሸት ያምጣ። እጠቡትና ልጆቹ በጣታቸው ይጫኑት። ሁለት ፍሬ ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ቀዩን ልጣጭ ይቅመሱት፤ ይጣፍጣል። “ቡና ጣፋጭ ነው እንዴ?” የሚል ልጅ አይጠፋም። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከዚያ ፍሬውን አጥባችሁ፣ ስሱን ቅርፊት ሳታወልቁ፣ ጥላ ውስጥ አንጠፍጥፉት።

2. ባዶ ሃይላንድ ቆርጣችሁ ታቹን ብሱት። ከዛፍ ሥር የተዛቀ ጥቁር አፈር ሙሉበት። ፍሬውን ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ታች አድርጋችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት፣ ሣር አልብሱት፣ ጥላ ውስጥ አኑሩት። ሌላ ሃይላንድ ላይ የተቆላ ቡና ዝሩ። የትኛው እንደሚበቅል ልጆቹ ግምታቸውን ይጻፉ።

አንድ ዓመት ከገበያ የገዛሁትን ጥሬ ቡና አስዘርቼ ነበር። ሦስት ወር ጠበቅን፤ አንድም አልወጣም። የቡና ዘር ደርቆ ሲሰነብት የመብቀል አቅሙን ያጣል። ልጆቹ በጣም አዘኑ። ከዚያ ወዲህ ከትኩስ እሸት ውጭ አላስዘራም።

3. ቡና ለመብቀል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፤ ለልጅ ረጅም ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ቦሎቄና በቆሎ በእርጥብ ጥጥ ላይ፣ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡ። በሳምንት ውስጥ ሥራቸው ይታያል። ጤፍም ቆንጥረው ነጭ ወረቀት ላይ ይቁጠሩ። አንድ ግራም ጤፍ ወደ 3,000 የሚጠጋ ፍሬ አለው። ይህን ያህል ደቃቅ ዘር ጠልቆ ቢቀበር ለምን እንደማይወጣ ያኔ ራሳቸው ይደርሱበታል።

4. የሰብሎቹን ስም በአማርኛም በኦሮምኛም ጽፋችሁ ለጥፉ፦ ጤፍ ጣፊ፣ በቆሎ ቦቆሎ፣ እንሰት ወርቄ። የጎደለውን አያቶቻቸውን ጠይቀው ይምጡ።

5. ትልልቆቹ ስለ መልኮው የግብርና ምርምር ማዕከል ይወቁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ከገባ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተፈለጉ። አንዱ ስሙ 74110 ነው። “74” የተመረጠበት ዓመት ነው፣ 1974 እ.ኤ.አ.። ስሙ ቁጥር የሆነ ቡና ልጆች አይረሱም።

6. ጥር አካባቢ ቡናው ጎንበስ ብሎ ብቅ ይላል። ቀና ሲል ቅርፊቱን እንደ ኮፍያ ደፍቶ ይቆማል። ልጆቹ ኮፍያውን ሊያወልቁለት ይቋምጣሉ፤ ከልክሏቸው፣ ቅጠሉ ይቀደዳል። ራሱ ጥሎት ሁለት ክብ ቅጠል ይዘረጋል። የተቆላው እዚያው አፈር ውስጥ ነው። ቆፍረው ይዩት።

7. ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔ ላይ፣ እያንዳንዱ ችግኙን ይዞ ይሂድ። ዋንዛም ሆነ ሌላ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ያለበትን ቦታ ከወላጆቹ ጋር አስቀድሞ ይምረጥ። ቡና ፍሬ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። አራተኛ ክፍል ሆኖ የዘራ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ የራሱን እሸት ይለቅማል።