ውሻና ድመትን በአቅም ማሳከም፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አካባቢ ነዋሪዎች

ለውሻው ወይም ለድመቱ ጤና የሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት የሆነበት ሰው አስቀድሞ ሊከፍል የሚገባው ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ነው። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ በሰውም ሆነ በእንስሳ ላይ የሚያድን ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈውም በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ስለሆነ ውሻውን ያስከተበ ልጆቹንና ጎረቤቶቹን ጠበቀ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገምለታል። ግቢ ውስጥ ታስሮ የሚውለውም ቢሆን ሌሊት በአጥር ሾልኮ የሚገባ ውሻ ሊነክሰው ስለሚችል መከተብ አለበት።

ክትባቱ አንዳንድ ጊዜ ለብዙ ውሾች በሚበቃ ጠርሙስ ይመጣል፤ ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ለሌላ ቀን አይቆይም። ስለዚህ የሰፈር ሰዎች ቀን ቆርጠው፣ የሐኪሙን የመጓጓዣ ወጪ ተጋርተው ውሾቻቸውን በአንድ ግቢ ቢያስከትቡ ለሁሉም ይቀላል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበትና፣ በተለይ በኮምቦልቻ ሙቀት፣ በበረዶ ሳጥን መምጣቱን መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው። መነሻው የከተማው ወይም የወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ነው፤ ከመሄድዎ በፊት የምርመራውንና የመድኃኒቱን ዋጋ ለየብቻ ይጠይቁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የትል መድኃኒት ነው፤ በየሦስት ወሩ ቢሰጥ መልካም ነው። በአረፋም ሆነ በፋሲካ ከብትና በግ ሲታረድ ግን ትልቁ ጥንቃቄ ያለው በእኛው እጅ ነው። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ለውሻ መጣል የለበትም፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጥገኛ ተሕዋስ በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና፣ ሰው ሳያውቀው ሲውጠው በራሱ ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ይህም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ከረጢት ያለበትን ሆድ ዕቃ ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ መቅበር ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

መዥገርን ነጭ ጋዝ መቀባት ቆዳን ያቆስላል፤ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዞ ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ መሳብ ይበቃል። የሰው መድኃኒት ለእንስሳ አይሰጥ። የጎረቤቴ ልጅ ድመቷ ስታተኩስ ጊዜ አዝና ግማሽ ፓራሲታሞል በወተት ሰጠቻት፤ ድድዋ ጠቁሮ በማግስቱ ሞተች። ለድመት ፓራሲታሞል በጥቂቱም ቢሆን መርዝ መሆኑን ማንም አልነገራትም ነበር፤ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ቢኖር ክትባቱን እንዳያስቀር አደራ እላለሁ። የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለው ከሆነ ደግሞ በንዴት አይገደል፤ ተለይቶ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቅ። በእነዚህ ቀናት ከታመመ ወይም ከሞተ፣ ጭንቅላቱ ለምርመራ ሊፈለግ ስለሚችል ከመቅበርዎ በፊት ለእንስሳት ክሊኒኩ ያሳውቁ፤ ለተነከሰው ሰውም ወዲያው ይንገሩት።