ያለጊዜው የተወለደ ሕፃንን አንጀት ከሕመም እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ሕፃን ከጊዜው ቀድሞ ሲወለድ የሁሉም ዓይን የሚያርፈው ሳንባው ላይ ነው። አንጀቱ ትዝ የሚለው ዘግይቶ፣ ብዙ ጊዜም ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ፣ ቤተሰቡ «እፎይ» ማለት ሲጀምር ነው። ሕመሙ ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይቲስ ይባላል፤ የአንጀት ግድግዳ ይቆጣና ከፊሉ ይሞታል። ከ1,500 ግራም በታች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ5 እስከ 10 የሚሆኑትን ይይዛል። ፈጽሞ የሚያስቀረው ዘዴ የለም። አደጋውን የሚቀንሱ ሥራዎች ግን አሉ፤ ብዙዎቹም በወላጅ እጅ ናቸው።

ነገሩ የባክቴሪያዎች የቦታ ሽሚያ ነው። ያለጊዜው የተወለደው ከእናቱ ተለይቶ፣ አንቲባዮቲክ እየተሰጠው ስለሚቆይ፣ ባዶ አንጀቱ ላይ ቀድመው የሚሰፍሩት የሕክምና ክፍሉ ባክቴሪያዎች ይሆናሉ። ያልበሰለው አንጀት ደግሞ እነዚህን ሲያገኝ ከልክ በላይ ይቆጣል።

1. እንገሩን አያባክኑ

በወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማለብ ይጀምሩ፤ ያውም በእጅ። ጥቂት ጠብታ በማሽን ቢታለብ ዕቃው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እጅዎን ታጥበው አውራ ጣትና ሌባ ጣትዎን ከጡት ጫፍ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ራቅ አድርገው ያኑሩ፤ ወደ ደረት ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። ወፍራሟን ቢጫ ጠብታ በንጹሕ ማንኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይቀበሏት።

«ይህችማ ምን ልታደርግ?» የምትል እናት ስሌቱን ትስማ። አንድ ኪሎ የሚመዝን ሕፃን መጀመሪያ ላይ በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ቢሰጠው፣ ያም ለ12 ጊዜ ቢከፈል፣ በአንድ ጊዜ የሚደርሰው አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ያቺ ጠብታ ማዕዱ ናት! ገና መመገብ ካልጀመረም ነርሷ የጉንጩን ውስጠኛ ክፍል ልትቀባበት ትችላለች።

2. በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይለቡ

ሌሊትም ሳይቀር። አድካሚ ነው፤ ግን የወተቱን መጠን በአብዛኛው የሚወስኑት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው። በእናት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ የማይፈጫቸው ስኳሮች አሉ። የተሰናዱት ለባክቴሪያ ነው፤ ባይፊዶባክቴሪየም የተባለው ወገን እነሱን በልቶ አሲድ ይሠራል፣ አሲዱም ጎጂዎቹን ያርቃል።

ወተትዎ ባይበቃ ከዱቄት ወተት በፊት ከወተት ባንክ የተገኘ፣ ተመርምሮ በሙቀት የታከመ የሌላ እናት ወተት ይጠይቁ። ሙቀቱ በወተቱ ካለው የበሽታ መከላከያ ከፊሉን ስለሚቀንስ የራስዎን ማለብ አያቁሙ። ያልተመረመረ ወተት ከወዳጅም ቢሆን አይቀበሉ።

3. ገላ ለገላ ይቀፉት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እናታቸው ደረት ላይ ቢቆዩ ይመረጣል። ከቆዳዎ የሚያገኛቸው ባክቴሪያዎች የቤቱ ናቸው፤ ወተትዎም በዚያው ይጨምራል።

4. ሐኪሙን ይጠይቁ

«አንቲባዮቲኩ የሚቆመው መቼ ነው?» ማለት ድፍረት አይደለም። የደም ምርመራው ባክቴሪያ ካላሳየ መራዘሙ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎችም ይጠርጋል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ከታዘዘም ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። በራስዎ ግን ምንም አያስቁሙ።

ፕሮባዮቲክን፣ ማለትም ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘ ምርትን፣ በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው፦ ገዝተው አይስጡ። የዓለም ጤና ድርጅት የእናት ወተት ለሚመገቡ፣ ከ32 ሳምንት በፊት ለተወለዱ ሕፃናት ሊሰጥ እንደሚችል ቢገልጽም፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ከምርቱ በመጣ ባክቴሪያ ተይዞ አንድ ሕፃን መሞቱን ጠቅሶ አስጠንቅቋል። ዓይነቱንና ጥራቱን መዝኖ የሚወስነው የሕክምና ቡድኑ ነው።

5. ምልክቶቹን ይወቁ

የተነፋና የሚያብረቀርቅ ሆድ፣ አረንጓዴ ትውከት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ድንገተኛ መዛል፣ የትንፋሽ መቆራረጥ። አንዱን እንዳዩ ነርስ ይጥሩ፤ እስከሚቀጥለው ምግብ አይጠብቁ።

ሕመሙ ከተጠረጠረ ምግቡ ይቋረጣል፣ ራጅ ይነሣል፣ አንጀቱ ከተበሳም ቀዶ ሕክምና ይከተላል። በእነዚያ ቀናት ማለብዎን ይቀጥሉ፤ ቀንና ሰዓት ጽፈው ያስቀዝቅዙት። አንጀቱ አርፎ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቁት ያንን ወተት ነው።