ኪቦርድ በመድረክ ላይ ሲጫወቱ ሳብዉፈርና ስፒከር እንዴት ይገጠማል?

ለመድረክ ኪቦርድ ሳብዉፈር (ወፍራም ድምፆችን ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) የሚያስፈልገው ድምፁን ለማስጮኽ ብቻ አይደለም። ባለ 88 ቁልፍ ኪቦርድ የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ 27.5 ኸርዝ (በሰከንድ 27.5 ንዝረት) ስለሆነ፣ ስፒከሮቹ የግራ እጅን ቤዝ ለማውጣት ሲታገሉ በቀኝ እጅ የሚሄደው ዜማ ይደፈርሳል፤ ሳብዉፈሩ ይህን ጫና ይወስድላቸዋል።

ከኪቦርዱ የግራና የቀኝ መውጫ የሚነሱት ገመዶች ወደ ዲአይ ቦክስ (የኪቦርዱን ሲግናል ለረጅም ገመድና ለሚክሰር የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን)፣ ከዚያም በኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን የማይክ) ገመድ ወደ ሚክሰር ይግቡ። የሚክሰሩ ዋና መውጫ ከሳብዉፈሩ መግቢያ ጋር ይገናኛል፤ ስፒከሮቹ ደግሞ ከሳብዉፈሩ መውጫ ይቀጠላሉ። አንዳንድ ሳብዉፈሮች ድምፁን ሳያጣሩ እንዳለ ስለሚያሳልፉ፣ እንዲህ ከሆነ ቤዙን መቁረጥ የሚገባው በስፒከሮቹ ላይ ባለው ማጣሪያ ነው። የሚያስቸግር እምምታ ከተሰማ በዲአይ ቦክሱ ላይ ያለውን የግራውንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይሞክሩ እንጂ የመብራት ገመዱን የምድር መስመር ፈጽሞ አይቁረጡ፤ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ድምፁ ለሳብዉፈሩና ለስፒከሮቹ የሚከፈልበትን ነጥብ፣ ከ100 ኸርዝ ይጀምሩ። ከ120 በላይ ከወጣ ቤዙ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ ይለየዋል፤ ፒያኖውም ለሁለት የተከፈለ ይመስላል።

ብዙዎች የሚዘልሉት፣ በእኔ እምነት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ፖላሪቲውን፣ ማለትም የሳብዉፈሩና የስፒከሮቹ ድምፅ እርስ በርሱ ሳይጠፋፋ አብሮ መግፋቱን፣ ማረጋገጥ ነው። ኪቦርዱን ወደ ኦርጋን ድምፅ ይቀይሩ፤ የፒያኖ ድምፅ እየሞተ ስለሚሄድ ለማነጻጸር አይመችም። ከመካከለኛው ዶ ሁለት ኦክቴቭ ወርደው ከሚያገኙት ዶ በላይ ያለውን ሶል ተጭነው ይያዙ፤ ይህ ድምፅ 98 ኸርዝ ስለሆነ ሳብዉፈሩና ስፒከሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያርፋል። ረዳትዎ አድማጭ በሚቆምበት ቦታ ሆኖ እያዳመጠ ሌላ ሰው የሳብዉፈሩን የፖላሪቲ ማብሪያ ማጥፊያ ይገልብጥ፤ ድምፁ ሞልቶ የተሰማበት አቅጣጫ ትክክለኛው ነው። ሳብዉፈሩን ባንቀሳቀሱት ቁጥር ይህን ሙከራ ይድገሙት።

ሳብዉፈሩ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ጥግ ላይ ሲሆን ቤዙ ይጨምራል፣ ነገር ግን አንዳንዱ ኖታ ብቻ ተለይቶ ሊጮኽ ይችላል። ስፒከሮቹ ከአድማጩ ራስ ከፍ ብለው ይቁሙ።

ባንዱ ውስጥ ቤዝ ጊታር ካለ፣ የጊታሩ ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ገደማ ስለሚደርስ ከግራ እጅዎ ጋር ይጋጫል፤ በሚክሰሩ የኪቦርድ ቻናል ላይ ያለውን ቤዝ መቁረጫ መጫን ለሁለታችሁም ይበጃል።

ሲከፍቱ ኪቦርዱንና ሚክሰሩን አስቀድመው ሳብዉፈሩንና ስፒከሮቹን መጨረሻ ላይ ያብሩ፤ ሲዘጉ ግን ከእነርሱ ይጀምሩ።