የጦርነት ዘመን የማረፊያ ሬዲዮ ቤት ፈርሶ ሳያልቅ እንዴት ይመዘገባል?

በምሥራቅ እንግሊዝ ማሳዎች መካከል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ማኮብኮቢያዎች ቅሪት በብዛት ይገኛል። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ የመቆጣጠሪያ ማማውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። ከማኮብኮቢያው ጫፍ ባሻገር ልስኗ የረገፈች፣ ጣሪያዋ የሚያፈስ ትንሽ የጡብ ቤት ካለች ግን እግርዎን ወደዚያ ያንሡ። በጉምና በጨለማ አብራሪው መሬቱን ሳያይ አቅጣጫውን በጆሮው የሚይዘው ከእንዲህ ዓይነቷ ቤት በሚላክ የሬዲዮ ሞገድ ነበር።

ከመሄድዎ በፊት አሠራሩን ይወቁ። ዘዴውን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያበጀው የጀርመኑ ሎሬንዝ ኩባንያ ነው፤ እንግሊዞችም ወስደው ለራሳቸው አየር ኃይል አዋሉት። ዋናው ማስተላለፊያ የሚቆመው ከማኮብኮቢያው ማዶ ጫፍ ባሻገር ነው። አብራሪው ከመስመሩ ወደ አንዱ ወገን ሲያዘነብል የሞርስ ነጥቦች (አጫጭር ድምፆች)፣ ወደ ሌላው ሲያዘነብል ሰረዞች (ረዘም ያሉ ድምፆች) ይሰማዋል። ልክ መሐል ላይ ሲሆን ነጥቡ የሰረዙን ክፍተት ሞልቶ ያልተቆረጠ አንድ ድምፅ ይሆናል። በሚመጣበት በኩል ደግሞ ርቀቱን የሚያሳውቁ ሁለት ምልክት ሰጪ ማስተላለፊያዎች አሉ፤ በሎሬንዝ አሠራር አንደኛው ከማኮብኮቢያው 3 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው 300 ሜትር ያህል ይርቃል።

ስለዚህ ቤቷ የትኛዋ እንደሆነች የሚናገረው ከግድግዳዋ ይልቅ የቆመችበት ቦታ ነው። ብዙ መዝጋቢ ይህን ይዘነጋል። ግድግዳውን በሚሊሜትር ለክቶ ከማኮብኮቢያው ጋር ያላትን መስመር ካልያዘ፣ የመዘገበው ተራ ጎጆ ነው።

መጀመሪያ የመሬቱን ባለቤት ያስፈቅዱ። ብቻዎን አይሂዱ፤ ከተሰነጠቀ ኮንክሪት ሥርም አይቁሙ። የተሰባበረ የጣሪያ ክዳን ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አይንኩት። የሌሊት ወፍ ካዩ ሥራውን አቁመው ይውጡ፤ በእንግሊዝ አገር በሕግ የተጠበቀች ናት።

ከዚያ ቦታውን ይያዙ። የመገኛ ነጥቡን በስልክዎ ይመዝግቡ፣ የማኮብኮቢያውንም አቅጣጫ በኮምፓስ ይለኩ። ኮምፓሱን ግድግዳው አጠገብ አይጠቀሙበት፤ በኮንክሪት ውስጥ ያለው ብረት መርፌውን ይስበዋል። ብዙ እርምጃ ርቀው፣ በማኮብኮቢያው መካከለኛ መስመር ላይ ሆነው ያንብቡ።

የቤቷን ንድፍ በእጅ ይሣሉ። ርዝመትና ስፋት ብቻ አይበቃም፤ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፉንም ይለኩ፣ ያረጀ ክፍል ማዕዘኑ እምብዛም ቀጥ ያለ አይደለምና። የግድግዳውን ውፍረትም ይጻፉ። በጦርነቱ ጊዜ በችኮላ የተሠሩ ብዙ ቤቶች ውፍረቱ የጡብ ርዝመት ግማሽ የሆነ ግድግዳ በጡብ ድጋፎች ተይዞ፣ ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኖ ነው የቆሙት። በግድግዳው ላይ ያሉ ቀዳዳዎችን፣ የወለል ቦዮችንና የተቆረጡ ብሎኖችን አንድ በአንድ ንድፉ ላይ ያስፍሩ፤ መሣሪያው ተነቅሎ ከሄደ በኋላ የት እንደነበረ የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው።

ፎቶግራፍ ሲያነሡ መለኪያ ዘንግ በምስሉ ውስጥ ያግቡ። አራቱንም ፊት ከውጭ፣ እያንዳንዱን ግድግዳ ከውስጥ ያንሡ፤ ከበሩ ላይ ሆነው ወደ ማኮብኮቢያው የሚታየውንም አይርሱ። ለጽሑፍ ግን ሌላ ብልሃት ያስፈልጋል፦ ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪውን ከግድግዳው ጋር በማጋደም ብርሃኑን በጎን ይላኩ። ፊት ለፊት ሲያበሩ የማይታይ የቁጥር ወይም የፊደል ጠርዝ ከተላጠው ቀለም ላይ ጥላ ጥሎ ብቅ ሊል ይችላል።

ወደ ቤት ሲመለሱ ያገኙትን ከሰነድ ጋር ያስተያዩ። በለንደን የሚገኘው የአየር ኃይሉ ሙዚየም የብዙ የጦርነት ጊዜ አየር ማረፊያዎችን ፕላን ይዟል፤ በፕላኑ ላይ ሕንፃዎቹ በቁጥር ተዘርዝረዋል። የሕንፃው ዓይነት ቁጥር እንደ 343/43 ከተጻፈ፣ ከእዝባሩ (/) በኋላ ያለው ንድፉ የወጣበት ዓመት፣ 1943 (እ.ኤ.አ.) ነው። የራስዎን ልኬት ከፕላኑ ጋር ለማስማማት አያርሙት፤ ልዩነቱን እንዳለ ይጻፉት፣ ቤቷ ከጊዜ በኋላ ተለውጣ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ንድፉን፣ ፎቶግራፎቹንና ማስታወሻውን ቀን ጽፈው ለአካባቢው የታሪካዊ ቅርስ መዝገብ ቢሮ ያስረክቡ። አንድ ቅጂ ለመሬቱ ባለቤትም ይስጡ፤ በማሳው ላይ ያለችው ቤት ምን እንደነበረች ማወቅ የሚገባው ከማንም በፊት እሱ ነው።